ያረጁ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች የውጭ ልባስ ስንጥቅ ጥገና፦ በደቡብ ጎንደር ዞን የጣና ዳርቻ ለሚገኙ ባለጀልባዎች የቀረበ መረጃ

መግቢያ

የደቡብ ጎንደር ዞን በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ቢሆንም በምዕራብ በኩል እስከ ጣና ሐይቅ ይደርሳል። የሊቦ ከምከም፣ የፎገራና የደራ ወረዳዎች ከሐይቁ ጋር ይዋሰናሉ። ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞችም የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በዚህ አካባቢ ጀልባ ለዓሣ ማስገሪያ፣ ወደ ገዳማትና ደሴቶች ለመጓጓዣ፣ እምቦጭን ለማስወገድ ለሚደረግ ሥራ ያገለግላል። ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ደግሞ በውኃ የተከበበ ሰው የሚወጣበት መሣሪያ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ከባድ ጎርፍ ለአገልግሎት ዝግጁ የሆነ ጀልባ በቅርብ መገኘቱ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ አሳይቷል።

ከደንገል የሚሠራው ታንኳ በጥቂት ወራት ውስጥ ውኃ ጠጥቶ ስለሚከብድ በየጊዜው በአዲስ ይተካል። የፋይበር ግላስ ጀልባ ግን በአግባቡ ከተያዘ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል። ይህ ዕድሜ የሚገኘው የውጭ ልባሱ ሲጠበቅ ነው። ልባሱ ተሰንጥቆ ዝም ከተባለ ውኃ ቀስ በቀስ ወደ ውስጠኛው አካል ይገባል፤ በጥቂት ቁሳቁስ ሊጠገን ይችል የነበረውም ጀልባውን ከአገልግሎት ውጭ ወደሚያደርግ ጉዳት ይሸጋገራል። ይህ ጽሑፍ ባለጀልባዎች፣ የዓሣ አስጋሪ ማኅበራትና የጥገና ባለሙያዎች የስንጥቁን ዓይነት ለይተው ተገቢውን ጥገና እንዲያከናውኑ ለመርዳት የቀረበ ነው።

1. የውጭ ልባሱ ምንነትና የሚሰነጠቅበት ምክንያት

የፋይበር ግላስ ጀልባ ቀፎ ከመስታወት ክርና ከፖሊስተር ሬዚን ንብርብር የተሠራ ነው። በዚህ ንብርብር ላይ ከውጭ በኩል የሚገኘው ለስላሳና ባለቀለም ሽፋን ጄል ኮት ይባላል። ጄል ኮት ራሱ ቀለም የተቀላቀለበት ፖሊስተር ሬዚን ሲሆን ውፍረቱ በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። በውስጡ የመስታወት ክር ስለሌለው ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ከሥሩ ያለው ንብርብር ሲለመጥ አብሮት መለመጥ ካልቻለ ይሰነጠቃል።

ለስንጥቅ የሚዳርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

• ግጭት፦ ጀልባው ከድንጋይ፣ ከጉቶ ወይም ከመውጫ መድረክ ጋር ሲጋጭ፤ እንዲሁም ከባድ ዕቃ ሲወድቅበት።
• ተደጋጋሚ መለመጥ፦ ቀፎው ሲሳሳ፣ ድጋፉ ሲላላ ወይም ከአቅሙ በላይ የሆነ ሞተር ሲታሰርበት።
• ፀሐይ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው የከፍታ ቦታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራ ቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በዳርቻው የሚቀመጥ ጀልባ በባሕር ጠረፍ ከሚቀመጥ ጀልባ ይልቅ በጨረር ይጎዳል።
• የሙቀት መለዋወጥ፦ በበጋ ወራት ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ልባሱ በየዕለቱ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል።
• የአሠራር ጉድለት፦ ጄል ኮቱ ሲሠራ ከመጠን በላይ ወፍሮ ከነበረ ከጊዜ በኋላ ራሱን በራሱ ይሰነጥቃል።

2. የስንጥቅ ዓይነቶች

ጥገና ከመጀመሩ በፊት ስንጥቁ ምን እንደሚያመለክት መለየት ያስፈልጋል።

ሀ. የፀጉር ስንጥቅ፦ ሰፊ ቦታን እንደ መረብ የሚሸፍን ቀጭን ስንጥቅ ነው። በአብዛኛው ከእርጅና፣ ከፀሐይ ወይም ከልባሱ መወፈር የሚመጣ ሲሆን የቀፎውን ጥንካሬ ወዲያውኑ አይቀንስም።

ለ. ኮከብ መሰል ስንጥቅ፦ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ዙሪያው የሚበተን ነው። ግጭት መድረሱን ያመለክታል። ውጫዊ ምልክቱ ትንሽ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ንብርብር ሊላቀቅ ስለሚችል ሳይመረመር መደፈን የለበትም።

ሐ. ትይዩ ስንጥቅ፦ በማዕዘኖች፣ በወንበር ሥር፣ የገመድ ማሰሪያ በተበሰረበት ቦታ ወይም ሞተር በሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ መስመሮች ናቸው። ቦታው በተደጋጋሚ እየለመጠ መሆኑን ያሳያሉ። የሚለመጥበት ምክንያት ካልተወገደ ጥገናው በአጭር ጊዜ ውስጥ ይመለሳል።

መ. እብጠት፦ ከውኃ መስመር በታች የሚታዩ፣ ሲበሱ ኮምጣጣ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚወጣባቸው ትናንሽ ጉብታዎች ናቸው። ውኃ በልባሱ ውስጥ አልፎ ገብቷል ማለት ነው፤ ከተራ ስንጥቅ የተለየና ረጅም የማድረቂያ ጊዜ የሚጠይቅ ጉዳት ነው።

3. ከጥገና በፊት የሚደረግ ምርመራ

ጀልባው ከውኃ ወጥቶ፣ ጭቃና አረንጓዴ ዝቃጭ ተነሥቶለት፣ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥቦ መድረቅ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ቀላል ፍተሻዎች ይደረጋሉ።

የማንኳኳት ፍተሻ፦ በስንጥቁ ዙሪያ በመዶሻ እጀታ ወይም በሳንቲም ጠርዝ በዝግታ ይንኳኳል። ጤናማ ቀፎ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የደፈነ ወይም ባዶ መሰል ድምፅ ከተሰማ ንብርብሩ ተላቋል ወይም ውኃ ይዟል።

የመጫን ፍተሻ፦ ቦታው በእጅ መዳፍ ሲጫን ከገባ ወይም ስንጥቁ ሲከፈትና ሲዘጋ ከታየ ችግሩ የልባስ ብቻ አይደለም።

የቀለም ፍተሻ፦ በውኃ የሚለቅ ቀለም በቦታው ላይ ተቀብቶ ወዲያው ሲጠረግ በስንጥቁ ውስጥ የቀረው መስመር የስንጥቁን ትክክለኛ ርዝመት ያሳያል። ስንጥቅ በዓይን ከሚታየው በላይ ርቆ መሄዱ የተለመደ ነው።

የእርጥበት ፍተሻ፦ 30 ሴንቲ ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ በቦታው ላይ ተደርጎ አራቱም ጠርዝ በፕላስተር ይታሸጋል። ከአንድ ቀንና ሌሊት በኋላ በላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ ጤዛ ከታየ ቀፎው አልደረቀም። እርጥብ በሆነ ቀፎ ላይ የተደረገ ጥገና አይይዝም። ውኃ የጠጣ ቀፎ ለመድረቅ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ሊወስድበት ይችላል።

4. ጊዜና ቦታ ስለመምረጥ

የጣና ውኃ ከፍ የሚለው በክረምቱ መጨረሻና በመስከረም ገደማ ሲሆን ዝቅ የሚለው ደግሞ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ ጀልባን ከውኃ አውጥቶ ለማድረቅና ለመጠገን አመቺው ጊዜ በጋ ነው። በጎርፍ ወቅት እንዲያገለግል የሚፈለግ ጀልባ እስከ ግንቦት ወር መጨረሻ ተጠግኖና ተፈትሾ መጠናቀቅ ይኖርበታል። ሰኔ ከገባ በኋላ የአየሩ እርጥበትና ዝናቡ ሥራውን ያበላሻሉ።

ጄል ኮትና ፖሊስተር ሬዚን በደንብ የሚጠነክሩት ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሆን ነው፤ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ያለው ይመረጣል። በሐይቁ ዳርቻ ረፋድ ላይ የተጀመረ ሥራ ከምሽቱ ቅዝቃዜ በፊት ለመጠንከር በቂ ጊዜ ያገኛል። ጀልባውን በተሽከርካሪ ጭነው ወደ ደብረ ታቦር ጋራዦች የሚወስዱ ባለንብረቶች ግን አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከሐይቁ ዳርቻ 5 ወይም 6 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። በመሆኑም በዚያ የሚሠራ ሥራ ከረፋዱ በኋላ መጀመር፣ ከነፋስ በተከለለ ቦታ መከናወን፣ ሌሊቱንም በቤት ውስጥ ወይም በሸራ ተሸፍኖ ማደር አለበት። ሬዚኑን ለማሞቅ ማድረቂያ ያልተቀላቀለበትን ቆርቆሮ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ነው። በከሰል እሳት ወይም በምድጃ ማሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

በቀጥታ የፀሐይ ሐሩር ሥር መሥራትም አይመከርም። የጋለ ቀፎ ላይ የተቀባ ጄል ኮት በችኮላ ጠንክሮ እንደገና ይሰነጠቃል።

5. የሚያስፈልጉ ቁሳቁሶች

• ጄል ኮትና ከእሱ ጋር የሚመጣው ማድረቂያ፤ ለቀለም ማመሳሰያ የሚሆን የቀለም ማጠናከሪያ
• አሴቶንና ቀለም የማይለቅ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ
• ስንጥቁን ለመክፈት የሾለ መፋቂያ ወይም ባለትንሽ ጫፍ መሞረጃ
• ባለቁጥር 80፣ 120፣ 220፣ 400፣ 600፣ 800 እና 1,000 የብርጭቆ ወረቀት፤ ከ220 በላይ ያሉት በውኃ የሚሠራባቸው ቢሆኑ ይመረጣል
• ስፓቱላ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ስስ ላስቲክ
• ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛንና መርፌ የሌለው ስሪንጅ
• የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የኬሚካል ጓንት፣ ለኬሚካል ጋዝ የሚሆን ማጣሪያ ያለው የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ
• ማለስለሻና ሰም

ጄል ኮትና ማድረቂያ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው የተወሰነ ስለሆነ ሲገዙ በመያዣው ላይ የተጻፈው ቀን መታየት አለበት። ጊዜው ያለፈበት ማድረቂያ ጄል ኮቱን ለዘለዓለም ሙጫ መሰል አድርጎ ያስቀረዋል።

6. የጥገናው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ማጽዳት። ቦታው ከመፋቁ በፊት በአሴቶን ይጠረጋል። ቅደም ተከተሉ መቀየር የለበትም፤ የቆየ ሰምና ቅባት ሳይነሣ ከተፋቀ በብርጭቆ ወረቀቱ ተገፍቶ ወደ ስንጥቁ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ስንጥቁን መክፈት። ስንጥቅ እንዳለ ከላዩ ቢቀባ አዲሱ ልባስ ወደ ውስጥ መግባት ስለማይችል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስንጥቁ በሙሉ ርዝመቱ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ባለ ፈር መልክ ይከፈታል። የፈሩ ስፋት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። ጥልቀቱ ስንጥቁ እስከሚያልቅበት ድረስ ይሄዳል፤ ጤናማውን የመስታወት ክር ግን መቁረጥ የለበትም። በፈሩ ሥር የነጡ ወይም የተበጠሱ ክሮች ከታዩ በክፍል 7 የተገለጸው ጥገና ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ጠርዙን መፋቅና እንደገና ማጽዳት። የፈሩ ጠርዝና በዙሪያው ያለው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ በባለቁጥር 120 የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። አቧራው ከተነሣ በኋላ በአሴቶን ተጠርጎ ይደርቃል። ዙሪያው በወረቀት ፕላስተር ይከለላል።

አራተኛ፣ ቀለም ማመሳሰል። ያረጀ ጀልባ በፀሐይ ቀለሙን ይቀይራል፤ ነጭ የነበረው ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ በጥገናው አጠገብ ያለው ቦታ አስቀድሞ በማለስለሻ ይታሻል፤ ሊመሳሰል የሚገባው በዚያ የሚታየው ቀለም ነው። የቀለም ማጠናከሪያው በጠብታ እየተጨመረ በቀን ብርሃን ይታያል። ጥቂት ናሙና በማድረቂያ ተለውሶ ከጠነከረ በኋላ ቢመዘን ስህተት ይቀንሳል፤ ቀለሙ ሲጠነክር ትንሽ ይለወጣልና።

አምስተኛ፣ መለወስ። የማድረቂያው መጠን አምራቹ በመያዣው ላይ ባሰፈረው መሠረት ይሆናል። በአብዛኛው በክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ማለትም ለ100 ግራም ጄል ኮት ከ1 እስከ 2 ግራም ነው። ቅዝቃዜን ለማካካስ ከመጠኑ በላይ መጨመር ልባሱን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ከመጠኑ በታች ማድረግም ሳይጠነክር እንዲቀር ያደርጋል። ድብልቁ አየር ሳይገባበት በዝግታ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይማሰላል። የሥራው ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ስለሚሆን በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ ይለወሳል።

ስድስተኛ፣ መሙላት። ድብልቁ በስፓቱላ ወደ ፈሩ ተጭኖ ይሞላል። ሲጠነክር ስለሚኮማተር ከቀፎው ገጽ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀራል። ዓረፋዎች በስፓቱላው ጫፍ ይወጣሉ።

ሰባተኛ፣ ከአየር መከለል። ተራ ጄል ኮት አየር በነካው ገጹ በኩል አይጠነክርም፤ ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለመከላከል የተሞላው ቦታ ወዲያውኑ በስስ ላስቲክ ይሸፈንና ጠርዙ በፕላስተር ይያዛል። ሰም የተቀላቀለበት ጄል ኮት ከሆነ መሸፈን አያስፈልግም።

ስምንተኛ፣ ማለስለስ። ጥገናው ቢያንስ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ላስቲኩ ይነሣል። በጥፍር ሲጫን ምልክት የማይቀር ከሆነ በባለቁጥር 220 ተጀምሮ በቅደም ተከተል እስከ 1,000 ድረስ በውኃ ይፋቃል። የብርጭቆ ወረቀቱ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ቢጠቀለል ገጹ እኩል ይሆናል። በዙሪያው ያለው የቀድሞ ልባስ ስስ በመሆኑ በኃይል መፋቅ ያሳሳዋል። በመጨረሻ በማለስለሻ ታሽቶ በሰም ይሸፈናል።

7. ጉዳቱ ከልባሱ በታች ሲሆን

ንብርብሩ ከተበጠሰ ወይም ከተላቀቀ ጄል ኮት ብቻውን ጥንካሬ አይመልስም። የተጎዳው ክፍል እስከ ጤናማው ድረስ ተፍቆ ይወጣል፤ ጠርዙም በረጅሙ እየሳሳ እንዲሄድ ይደረጋል። ተቀባይነት ያለው መለኪያ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ የቀፎው ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የተፋቀው ጠርዝ ስፋት በየአቅጣጫው 60 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚያም የፋይበር ማት በልክ እየተቆረጠ፣ በሬዚን እየራሰና አየሩ እየወጣ በንብርብር ይሠራል። ጄል ኮቱ የሚቀባው ይህ ከጠነከረና ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ለጥገናው ኢፖክሲ ሬዚን ከተመረጠ ፖሊስተር ጄል ኮት በላዩ በደንብ ስለማይይዝ ማጠናቀቂያው ከኢፖክሲ ጋር የሚስማማ የጀልባ ቀለም መሆን ይኖርበታል። ሞተር የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ በብዙ ጀልባዎች በውስጡ እንጨት ስላለው በዚያ ቦታ የሚታይ ስንጥቅ እንጨቱ መበስበሱን ሊያመለክት ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳት ልምድ ባለው ባለሙያ መታየት አለበት።

8. ስንጥቁ ቀፎውን በሙሉ ሲሸፍን

በጣም ባረጀ ጀልባ ላይ የፀጉር ስንጥቅ ሁሉንም ቦታ ከሸፈነ እያንዳንዱን መክፈት አዋጭ አይደለም። ጥልቅ የሆኑት ብቻ በክፍል 6 መሠረት ይጠገናሉ። ከዚያም መላው ገጽ ተፍቆ፣ በሁለት ድብልቅ የሚሠራ የኢፖክሲ መነሻ ቀለም ተቀብቶ፣ የጀልባ ቀለም ይደረብበታል።

9. የሚዘወተሩ ስህተቶች

• ለመኪና ቦዲ የሚያገለግል ስቱኮ ከውኃ መስመር በታች መጠቀም፦ ስቱኮ ውኃ ስለሚስብ አብጦ ይለቃል።
• ስንጥቅን በሲሊኮን መድፈን፦ ሲሊኮን በኋላ ጄል ኮት እንዳይይዝ የሚያደርግ ቅሪት ይተዋል።
• የስንጥቁን ምክንያት ሳያስወግዱ ልባሱን ብቻ ማደስ።
• የተጠገነን ጀልባ ሳይፈትሹ ሰው ማሳፈር።

10. የጤናና የአካባቢ ጥንቃቄ

ማድረቂያው ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ ዕውርነት የሚያደርስ ጉዳት ያስከትላል። ዓይኑ ሳይዘገይ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ ታጥቦ ተጎጂው ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ስለዚህ ንጹሕ ውኃ በቅርብ ሳይቀመጥ ሥራው መጀመር የለበትም። ማድረቂያውና ኮባልት ያለበት ማፋጠኛ በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ፤ ለየብቻ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። የሬዚንና የአሴቶን ትነት በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በአካባቢው ሲጋራ፣ ከሰልና ማንኛውም እሳት የተከለከለ ነው። ማድረቂያ የተቀላቀለበት ትራፊ በመያዣው ውስጥ በጣም ስለሚግል ከቤት ውጭ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ እስኪጠነክር ይጠበቃል። የመስታወት ክር አቧራ ሳንባንና ቆዳን ስለሚጎዳ በደረቅ በሚፋቅበት ጊዜ የአቧራ መከላከያ ማድረግና ረጅም እጅጌ መልበስ ያስፈልጋል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የጣና ሐይቅን በባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል። ሐይቁ የመጠጥ ውኃና የዓሣ ምንጭም ነው። ስለሆነም የመፋቅና የማጠብ ሥራ ከውኃው ዳር ርቆ፣ ከሥሩ ሸራ ተነጥፎ ሊከናወን ይገባል። አቧራ፣ አሴቶንና ባዶ መያዣ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች መጣል የለበትም።

11. ከጥገና በኋላ

የተጠገነ ጀልባ ሰው ከማሳፈሩ በፊት ባዶውን ጥልቀት በሌለው ቦታ ውኃ ላይ ውሎ ሥርገት እንዳለው ይታያል። ከዚያም በቀላል ጭነት ይሞከራል። ጥገናው የተደረገበት ቀን፣ ቦታና ዓይነት በጽሑፍ፣ ከተቻለም በፎቶግራፍ ተይዞ ቢቀመጥ ለቀጣይ ፍተሻ ይረዳል። በተለይ በቀፎው ጥንካሬ ላይ የደረሰ ጉዳት ከተጠገነ ጀልባው ወደ ሕዝብ ማጓጓዣ አገልግሎት ከመመለሱ በፊት ፈቃድ በሰጠው አካል እንዲታይ ማድረግ ከባለንብረቱ ይጠበቃል። የማሪታይም ዘርፍ በአዋጅ ቁጥር 549/1999 የሚመራ ሲሆን የዘርፉ ፌዴራል ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ተገልጋዮች በቅርብ ከሚገኘው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማብራሪያ መጠየቅ ይችላሉ።

ለቀጣይ ጥበቃ ጀልባው በማይሠራበት ጊዜ ከፀሐይ በጥላ ወይም በሸራ መከለል፣ በድንጋይ ላይ ሳይሆን ቀፎውን እኩል በሚደግፍ እንጨት ላይ ማረፍ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ መታጠብና ሰም መቀባት አለበት። ለጎርፍ ጊዜ ተብሎ የሚቀመጥ ጀልባ ለረጅም ወራት ሳይነካ ስለሚቆይ በተለይ በየሩብ ዓመቱ መታየት ይኖርበታል። በጥር ወር የታየ የፀጉር ስንጥቅ በአንድ ቀን ሥራ ይጠገናል፤ በነሐሴ፣ ሜዳው በውኃ ተሞልቶ ሰዎች ጀልባ ሲጠባበቁ የሚታይ ስንጥቅ ግን ለመጠገን ጊዜ አይሰጥም።